ሰባት ሺህ አምስት መቶ ማይል

የአያሌው ፒክአፕ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸራ ለብሳ ስለኖረች፣ በአሜሪካ የኮሎምበስ ከተማ አበሻ ባለቤቷን «አያሌው ሸራው» ይለው ነበር። ፊት ለፊት የሚደፍረው ባይኖርም እሱ ያውቃል። ቅር አላለውም። ሃያ ዓመት በአሰብ መንገድ የሰው ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ የመጀመሪያዋን የራሱን መኪና የገዛው በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው መኪናውን ቢሸፍን ምን ይገርማል? የሚገርመው ሳይሸፍን ትቶ ጨው የሚያስበላው ነው ባይ ነበር።

የጨው ነገር ደግሞ ቀልድ አይደለም። እዚያ አገር በረዶ ሲጥል መንገዱ ላይ ጨው ይረጫሉ፤ ጨው የመኪና ሆድ ይበላል። የሦስት ዓመት መኪና ወለሉ ተበስቶ አስፋልቱ ከሾፌሩ እግር ሥር ሲታይ አያሌው በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ ከኅዳር እስከ መጋቢት መኪናዋ ሂልቶፕ ሰፈር ካለው ቤታቸው ጓሮ፣ ከጋራዥዋ አትወጣም። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ደግሞ አየሩ ጥሩ ነው፣ ለእግር ይመቻል፣ መኪናዋ ለምን ትድከም? እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ በዓመት በዓል ዘመድ ጥየቃ፣ በቃ። ሲመለስ በእርጥብ ጨርቅ ያብሳታል፣ የወንበሮቿን ፕላስቲክ ያስተካክላል፣ ሸራዋን ያለብሳታል። እሱ ራሱ ሥራ የሚሄደው በባልደረባው መኪና ተዳብሎ ነው።

የናፍጣ መኪና ናት። ናፍጣ የማይሸት ሞተር ለአያሌው የልብስ ስፌት መኪና ነው። የገዛት በፈረንጆቹ ሰማንያ አራት በጋ ላይ፣ ልጁ ፍሥሐ ከካርቱም «የአሜሪካ ኢንተርቪው አለፍኩ» ብሎ በጻፈ ሳምንት ነበር። ፍሥሐ አንድ ልጃቸው ነው። አያሌውና ሚስቱ ሮማነወርቅ በጅቡቲ በኩል ሲወጡ ልጁ ትምህርት ላይ ስለነበር አያቱ ዘንድ ቀርቶ፣ በኋላ በሱዳን በኩል በራሱ እግር ወጣ። የመኪናዋን ነገር ሰው ሲያነሳበት አያሌው መልሱ አንድ ነበር፤ የልጄ ናት፣ እኔ ጠባቂ ነኝ።

ልጁ ግን ወረቀቱ ሲጓተት ቆይቶ በመጨረሻ ሲመጣ፣ ጉዳዩን የያዘው ድርጅት ኮሎምበስ ወዳለችበት ወደ ኦሃዮ ሳይሆን ወደ ካሊፎርኒያ ወሰደው። ሳን ሆዜ የምትባል ከተማ። ሚያዝያ ላይ መጥቶ ሁለት ሳምንት ከወላጆቹ ጋር ተቀምጦ ነበር፤ ሥራው እዚያ ነው፣ ጓደኞቹ እዚያ ናቸው፣ ብርዱም አልተመቸውም፣ ተመለሰ። እንግዲያውስ መኪናዋ ወደ ልጁ ትሂድ ተባለ። አያሌው የወረቀቶቿን ኮፒ አስቀድሞ በፖስታ ላከለት።

ሰኔ መግቢያ ላይ ፍሥሐ ደወለ። «አባዬ፣ መኪናዋን አንመዘግብም አሉ» አለ። «ምን ጎደላት?» ቢለው፣ «ምንም አልጎደላትም፤ አዲስ ናት አሉ» ብሎ መለሰ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ካሊፎርኒያ በጭስ ጉዳይ የራሷ ሕግ አላት። አዲስ መኪና እዚያ ታርጋ እንዲያወጣ ለካሊፎርኒያ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። ለሌላው ክፍለ ግዛት የተሠራ አዲስ መኪና፣ ያውም የናፍጣ፣ አይገባም። ያገለገለ ከሆነ ግን ይገባል። አዲሱን ካገለገለው የሚለዩት ደግሞ በዕድሜው አይደለም፣ በማይል ቆጣሪው ነው። ሊብሬው በአዲሱ ባለቤት ስም በሚዞርበት ቀን ቆጣሪው ከሰባት ሺህ አምስት መቶ በታች ካሳየ፣ በሕጉ ዓይን መኪናዋ ትናንት ከፋብሪካ የወጣች ናት። የአያሌው ቆጣሪ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ይላል።

አያሌው መልሶ አስደገመው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ዓይኑ ብሌን የጠበቃት ለልጁ አዲስ እንደሆነች ለማስረከብ ነበር፤ አሁን የማትገባው አዲስ በመሆኗ ነው። «ጎስቋላ አድርጌ ብይዛት ይቀበሉኝ ነበር ማለት ነው?» ብሎ ልጁን ጠየቀው። ልጁ አዎ አለ።

ቀን ደግሞ ተቆርጧል። ፍሥሐ ሌሊት ሌሊት ቢሮ ያጸዳል። አንድ የአትክልተኞች አሠሪ፣ ፍሥሐ የራሱን ፒክአፕ ይዞ ከመጣ፣ የቀን ሥራ ሊሰጠው ቃል ገብቶለታል፤ እስከ መስከረም አንድ በፈረንጆቹ ይጠብቀዋል፣ ከዚያ ቦታውን ለሌላ ይሰጣል። አያሌው ከመጋዘን ሥራው ፈቃድ ስለማያገኝ መኪናዋን ራሱ ማድረስ አይችልም። በነሐሴ መጨረሻ ወደዚያው የሚዛወር ተስፋዬ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሰው ሊነዳለት ተስማምቷል። ሊብሬው ግን እዚሁ፣ በአያሌው እጅ ተፈርሞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ማይሉም እዚሁ ኮሎምበስ መሙላት አለበት። አምስት ሺህ ሦስት መቶ ስድሳ ማይል፣ ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ።

መጀመሪያ የሄደው ፍራንክሊንተን ሰፈር ውስጥ ጋራዥ ወዳለው ወደ ጀማነህ ነው። ጀማነህ ኮፈኑን ከፍቶ ከውስጡ የተለጠፈውን የጭስ ደረጃ ወረቀት አነበበና ልጁ ያለው እውነት መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይኼ ምን ያስጨንቃል? የቆጣሪውን ኬብል ፈትቼ በድሪል አሽከረክረዋለሁ። በአንድ ዊክኤንድ ይሞላል፤ ጎማዋ እንኳ አይንቀሳቀስም።»

አያሌው አሰበበት። አላሰበበትም ማለት ውሸት ነው። ግን ሊብሬ ሲዞር ውል አዋዋዩ ፊት ቀርቦ፣ ቀኝ እጁን አንስቶ፣ የቆጣሪው ቁጥር እውነት ነው ብሎ መማል እንዳለበት ያውቃል። «ቤቴ ውስጥ አንድ መሐላ አለ» አለው ለጀማነህ፤ «እሱን መሸከም አቅቶኛል። ሁለተኛ አልጨምርም።»

ጀማነህ የትኛው መሐላ እንደሆነ ስለሚያውቅ ኮፈኑን ዘጋው።

መሐላው የሮማነወርቅ ነው። ሮማነወርቅ ኢስትሙር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ የልብስ እጥበት ክፍል ትሠራለች። ከሂልቶፕ ኢስትሙር ከተማዋን ከምዕራብ ዳር እስከ ምሥራቅ ዳር ማቋረጥ ነው፤ ብሮድ ጎዳናን ይዞ ቀጥ ባለው አውቶቡስ ዘጠኝ ማይል። በበጋም በብርዱም ጎሕ ሳይቀድ ፌርማታ ላይ ትቆማለች። አያሌው ሥራ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጧት ቤት ነው የሚውለው። መጀመሪያ መጀመሪያ አድርሰኝ ትለው ነበር። ጨዉን፣ ጎማውን፣ የናፍጣ ሞተር በብርድ ሲነሳ የሚደርስበትን ጉዳት ሲዘረዝርላት ጊዜ መጠየቁን ተወችው። እሱ ገባት ብሎ ነበር።

ባለፈው ጥር፣ ውርጩ እንደ መስተዋት መንገዱን በለበጠበት ጧት፣ አያሌው በጨለማ ተነስቶ ወደ ጋራዥ ወረደ። ሞተሯ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ደረበላት፣ ሸራዋን አጠባበቀ፣ ተመልሶ ተኛ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። ሮማነወርቅ ፌርማታው ጥግ ላይ ተንሸራታ ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሯል። አያሌው ነፍሱን ሳያውቅ ሮጠ፤ የሮጠው ግን ወደ ጀማነህ ቤት ነበር። ሆስፒታል የደረሰው በጀማነህ መኪና ነው። መንገዱ ጨው ተረጭቶበት ነበርና።

ሮማነወርቅ ማን እንዳመጣው በመስኮት አይታለች። እጇ በጀሶ እየተጠቀለለ ሳለ፣ ሳትጮህ፣ ሳታለቅስ፣ ነርሷ ቋንቋው ሳይገባት እያየቻት፣ «ኪዳነ ምሕረት ምስክሬ ናት፤ እዚያ መኪና ውስጥ ዳግመኛ እግሬን አላስገባም» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በጎረቤታቸው በእትዬ አፀደ መኪና ነው። ጨዉ ከመንገዱ ከጠፋ ወዲህ ባልና ሚስት በሁለት መኪና እየሄዱ እዚያ በር ላይ ይገናኛሉ። በቤት ውስጥ ጠብ የለም፤ ምግቡ ይቀርባል፣ ሸሚዙ ይተኮሳል። ጨዋታ ብቻ የለም።

አያሌው እንግዲህ ሸራውን ገፈፈ። ከተማዋን የሚከበው ሁለት መቶ ሰባ የሚባል አውራ ጎዳና አለ፤ አንድ ዙር ሃምሳ አምስት ማይል ነው። ጧት ተነስቶ አንድ ዙር ይዞራል፤ አንዳንድ ቀን ሁለት። ተነስቶ የማይደርስበት፣ ደርሶ የማያራግፈው መንገድ ለከባድ መኪና ሾፌር ቅጣት ነው። በአሰብ መንገድ ቢያንስ መጨረሻው ላይ ባሕር ነበር።

በባዶ ከምዞር ሰው ልጫን ብሎ ደግሞ ለማኅበረሰቡ አስነገረ። ሐኪም ቤት የሚሄድ፣ አውሮፕላን ጣቢያ የሚሸኝ፣ ሶፋ የሚያመላልስ፣ አያሌው አለ። ወሬው የተነሳው ያኔ ነበር። ሁለት ዓመት በነፍስ ጉዳይ እንኳ መኪናውን ያላዋሰ ሰው ከመሬት ተነስቶ ቸር ሲሆን ማን ያምናል? አንዱ ለቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ሊወዳደር ነው አለ። ሌላው ሐኪም መጥፎ ነገር ነግሮት ነው፣ ንስሐ እየገባ ነው አለ። እትዬ አፀደ የራሷ መኪና ብትበላሽባት በፒክአፗ ገበያ ሄዳ፣ በሐምሌ ሙቀት የወንበሩ ፕላስቲክ ጭኗ ላይ ተጣብቆ ስትወርድ አብሯት ወረደ፤ የቀረውንም እዚያው ቆማ ገነጣጠለችለት። አያሌው ቁርጥራጩን ለቃቅሞ ወደ ቆጣሪው አየ። ቆጣሪው አራት ሺህ አልፎ ነበር።

ከዚህ በኋላ በአንዱ ማክሰኞ ጧት፣ ሁለት መቶ ሰባን እየዞረ፣ ሲሰለቸው ስሌት ጀመረ። በሾፌርነት ዘመኑ ልማዱ ነው፤ ስንት ማይል፣ በስንት ቀን። ኢስትሙር ዘጠኝ ማይል። አድርሶ መመለስ አሥራ ስምንት። በሳምንት አምስት ቀን ዘጠና። በዓመት ሃምሳ ሳምንት ቢባል አራት ሺህ አምስት መቶ። በሁለት ዓመት።

መኪናዋን ከመንገዱ ዳር አወጣና አቆማት። ደግሞ ቆጠረው። ዘጠኝ ሺህ ነው። ሚስቱን ጧት ጧት ሥራ ቢያደርሳት ኖሮ መኪናዋ ያለ ማንም ውለታ፣ ያለ ማንም ዙር፣ ሕጉን አልፋ አንድ ሺህ አምስት መቶ ትርፍ ይኖራት ነበር፤ እሑዱ ሲታከልማ ከዚያም በላይ። ልጁም በሰኔ ሥራውን ይዞ ነበር። ትላልቅ መኪኖች በአጠገቡ ሲያልፉ ፒክአፗ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱ መሪውን እንደያዘ ቀረ።

በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ ፌርማታው ላይ ተገኘ። የጋቢናውን በር ከውስጥ ከፈተ። ሮማነወርቅ ቆማ አየችው፤ አልተቆጣችም። «አያሌው፣ ምያለሁ እኮ» አለች። ለንስሐ አባታችን ልናገርና መሐላው ይፈታልሽ ብሎ ለመናት። እሷ ግን ማን ፍቱኝ አለ ብላ አውቶቡሱ ወደሚመጣበት ዞረች። አውቶቡሱ መጣ፣ ተሳፈረች።

አያሌው የጋቢናውን በር ዘጋና አውቶቡሱን ተከተለ። ለምን እንደተከተለ ቢጠየቅ፣ ማይሉ መቆጠሩ ካልቀረ ብሎ ይመልስ ነበር። አውቶቡሱ ሲቆም ይቆማል፣ ሲሄድ ይሄዳል። ፍራንክሊንተንን አልፎ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ መሀል ከተማን ሰንጥቆ ኢስትሙር። ሮማነወርቅ ወርዳ የመጦሪያውን በር ስትገባ አየና ተመለሰ። አሥራ ስምንት ማይል። በማግሥቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም ቀን።

በሳምንቱ አውቶቡሱ ውስጥ ይህ ነገር መነጋገሪያ ሆነ። ሾፌሩ ሸበቶ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ አንዲት ፒክአፕ በየቀኑ ስትከተለው በመስተዋት አይቶ ሮማነወርቅን ሰውየውን ታውቂዋለሽ ወይ፣ ፖሊስ ልጥራልሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ባሌ ነው አለችው። ታዲያ ምን ያደርጋል ሲላት፣ ይቆጥራል አለችው። ሾፌሩ ከዚያ በኋላ መብራት ሊያስቀረው ሲል አውቶቡሱን ቀስ እያደረገ ይጠብቀው ጀመር።

ጀማነህ ወሬውን ሰምቶ ዘዴ ይዞ መጣ። መሐላው መኪናው ውስጥ ነው የሚለው፤ እትዬ ሮማነወርቅ ኋላ ጭነቱ ላይ ብትቀመጥ መሐላው አይነካትም አለ። አያሌው ይህን ለሚስቱ ማቅረቡ ስህተት ነበር። «የፋሲካ በግ ነኝ?» አለችው፤ ሁለት ቀን ፊት ነሳችው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ቆጣሪው ሰባት ሺህ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ከባድ ዝናብ በሚጥልበት ጧት አውቶቡሱ ፍራንክሊንተን ውስጥ፣ ከድልድዩ በፊት ቆመና ሞተሩ ጠፋ። ሾፌሩ ወርዶ ዞር ዞር ብሎ አየ፣ በሬዲዮ ተነጋገረ፣ ሌላ አውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል አለ። ሮማነወርቅ በዚያ ወር አንዴ አርፍዳ ተጽፎባታል። ጃንጥላዋን ዘርግታ ወረደች፤ ድልድዩን በእግሯ ተሻግራ ከመሀል ከተማ ሌላ መስመር ልትይዝ።

አያሌው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በጎኗ ቀስ እያለ ነዳ። አልጠራትም። ኋላው ያሉ መኪኖች ጡሩምባ ነፉበት። ጃንጥላዋን የያዘችው በግራ እጇ ነበር፤ ቦርሳዋን የያዘው ቀኝ እጇ ክብደቱን ሲያቅተው ወደ ክርኗ ትገፋዋለች፣ እንደገና ይንሸራተታል፣ እንደገና ትገፋዋለች። ይህን አይቶ አንጀቱ አልቻለም። መኪናዋን ዳር አስያዘ፣ ሞተሩን አጠፋና ወረደ። መስኮቱን እንዳልዘጋ ያወቀው አሥር እርምጃ ከሄደ በኋላ ነው። ዞሮ አየ። ዝናቡ ወንበሩ ላይ በቀጥታ ይገባ ነበር። አልተመለሰም።

ደረሰባትና ቦርሳውን ከክርኗ ወሰደ። ድልድዩ ላይ ጎን ለጎን ተራመዱ። መሀሉ ላይ ሲደርሱ አያሌው ስሌቱን ነገራት። በቀን አሥራ ስምንት፣ በሁለት ዓመት ዘጠኝ ሺህ። «ባደርስሽ ኖሮ ልጁ ይኼኔ መኪናዋን ይዟት ነበር» አላት።

«ለልጁ ነው የቆጨህ?» አለችው።

«ለልጁም ነው። የበለጠ የቆጨኝ ግን ያንቺ ነው። እንዴት እንደምለው አላወቅሁም እንጂ።»

ሮማነወርቅ ጥቂት ሄደች። «የወደቅሁ ቀን የጋራዡን በር ስትከፍት ሰማሁህ» አለች። «መንገዱን አይቶ፣ አዝኖልኝ፣ መኪናዋን ሊያወጣልኝ ነው ብዬ የፊት በሩ ደረጃ ላይ ቆሜ ጠበቅኩህ። በሩ ተመልሶ ሲዘጋ ሰዓቱ ሄዷል። አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ የሮጥኩት ለዚያ ነው።»

አያሌው ቆመ። በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ፈርቷል፣ ብዙ ጊዜ አዝኗል፤ እንዲህ አፍሮ ግን አያውቅም። ያን ጧት ምን ሲሠራ እንደነበር ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች፤ ብርድ ልብሱን ኋላ አይታዋለች። ለብረት የደረበው ብርድ ልብስ። «ይቅር በይኝ» አለ በመጨረሻ።

«ሥራ አረፈድኩ» አለች። እሷ ስትቀድም እሱም ተከተላት፣ በዝናቡ ውስጥ፣ ቦርሳዋን እንደያዘ። መሀል ከተማ ሲደርሱ አውቶቡስ መጣላት። ቦርሳዋን ስትቀበለው የሸሚዙን ውኃ አየችና ወደ ቤት ሄደህ ልብስ ቀይር አለችው። ወደ መኪናዋ ሲመለስ መስተዋቷ ላይ የቅጣት ወረቀት ተሰክቷል፣ ወንበሩ እንደ ስፖንጅ ውኃ ጠጥቷል። ቅጣቱን ኪሱ ከተተ፣ ውኃው ላይ ተቀመጠና ሞተሩን አስነሳ።

በፈረንጆቹ ነሐሴ ሃያ ሰባት፣ ሁለት መቶ ሰባን ሲዞር ቆጣሪው ሰባት ሺህ አምስት መቶ ሞላ። አያሌው እንዲያው ለጥንቃቄ አሥራ ሁለት ማይል ጨመረ። በማግሥቱ ውል አዋዋዩ ፊት ቀኝ እጁን አነሳ፣ ቁጥሩ እውነት ነው ብሎ ማለ፣ ፈረመ። ሮማነወርቅ ለልጇ በርበሬና ሽሮ አሽጋ ለተስፋዬ ስትሰጥ በመኪናዋ መስኮት እጇን ብቻ አስገባች። እግሯ ከመሬት አልተነሳም። ተስፋዬ በማለዳ ሄደ። ጋራዡ ውስጥ ሸራው ተጣጥፎ ቀረ።

ፍሥሐ በስድስተኛው ቀን ደወለ። የታርጋ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ኮፈኑን ከፍታ፣ ቆጣሪውን አይታ፣ ማኅተም መታች አለ። ታርጋው ወጥቷል፤ አሠሪው ሁለት ቀን ታግሶታል፤ ሰኞ ሥራ ይጀምራል። ወንበሩ ግን ለምን እርጥበት እርጥበት እንደሚሸት አባቱን ጠየቀ። አያሌው ዝናብ ገባበት ብሎ መለሰ።

ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ ሮማነወርቅ ፌርማታ ላይ ስትቆም ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። አያሌው ነው፤ ኮቱን ለብሶ፣ ምሳ ዕቃዋን ይዞ። ቤት ረስታው ይሆን ብላ አየችው፤ አልረሳችውም፣ ሆን ብሎ ከቦርሳዋ አውጥቶ ነበር የያዘው። አውቶቡሱ መጣ። ሾፌሩ በመስተዋት ኋላውን አየ፣ ፒክአፗ የለችም፤ ቀና ሲል ሰውየው ከፊቱ ቆሞ የወር ፓስ ያሳየዋል። ሳቀና ግባ አለው።

ሮማነወርቅ እንደ ልማዷ ከመሀል ተቀምጣለች፣ ቦርሳዋ ከጎኗ ባለው ወንበር ላይ ነው። አያሌው አጠገቧ ቆሞ ብረቱን ያዘ። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

«እስከ መቼ ነው?» አለችው ሳታየው።

«ያላደረስኩሽ አምስት መቶ ጧት ነው» አለ። «ቆጥሬዋለሁ።»

«በረዶም ቢሆን?»

«በረዶም ቢሆን።»

ሮማነወርቅ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ሁለት ፌርማታ አለፉ። ከዚያ ቦርሳዋን በደህናው እጇ አነሳችና ጭኗ ላይ አደረገችው።